ጉልቻው ሲለዋወጥ፦ የእንጀራ ምጣድና የማገዶው ታሪክ

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው ተረት የተነገረው ስለ ሹም ሽር እንጂ ስለ ማእድ ቤት አይደለም። ይሁን እንጂ ለዘመናት ከመደጋገሙ የተነሣ ሳይታሰብ ሁለተኛ ትርጉም ያተረፈ ይመስላል፤ ይኸውም ሦስቱ ድንጋዮች እንዳሉ ቢቀመጡ ማንንም አይጎዱም፣ ቢነሡም ማንንም አይጠቅሙም የሚል ነው። በወጡ ረገድ ነገሩ እውነት ሊሆን ይችላል። በእንጀራው ረገድ ግን እጅግ የተሳሳተ ነው። ከምጣድ በታች ያሉት ጉልቻዎች ሳይለወጡ መኖራቸው ደን አስጨርሷል፤ ዋና ከተማን ከሥፍራዋ ሊያስነሣ ተቃርቦ ነበር፤ የብዙ ሺህ ሴቶችን ጀርባ አጉብጧል፤ ዓይናቸውንም በጢስ አድክሟል። ስለ ግድቦች፣ ስለ ባቡር ሐዲድና ስለ ታላላቅ ሕንፃዎች ብዙ ተጽፏል። የአገሪቱን የማገዶ ነገር ከሁሉ ይበልጥ ሲወስን የኖረው ዕቃ ግን ራሱ ከማጀት ስላልወጣ ታሪኩም ከማጀት ሳይወጣ ቆይቷል።

ምጣድ የሸክላ ሠሪ ሴቶች ሥራ ነው። አፈሩ ተመርጦ፣ ተወቅጦና ተነፍቶ፣ ከአሸዋ ወይም ከተፈጨ ገል ጋር ይለወስና ክብ ሆኖ ይዘረጋል፤ ፊቱ በለስላሳ ድንጋይ ይታሻል፤ ከደረቀም በኋላ በግልጥ እሳት ይተኮሳል። ስፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱም 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ከገበያ የመጣ አዲስ ምጣድ ወዲያው አይጋገርበትም፤ በጎመን ዘር እየታሸ ይሟሻል። ቅባቱ የሸክላውን ረቂቅ ቀዳዳዎች ሞልቶ ፊቱ ጥቁርና አንጸባራቂ እስኪሆን ድረስ እንጀራው እየተጣበቀ ያስቸግራል። ይህን ጥበብ የያዙት እጆች በኅብረተሰቡ ዘንድ ሲናቁ፣ ባለቤቶቻቸውም «ቡዳ» ሲባሉ የኖሩ መሆናቸው ሳይጠቀስ ሊታለፍ አይገባም። በጎንደር ዙሪያ በሸክላ ሥራ የታወቁት የቤተ እስራኤል ሴቶች ነበሩ፤ በአዲስ አበባ ደግሞ የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች ስማቸው ይነሣል። ምጣዳቸው የማይገባበት ቤት አልነበረም፤ እነርሱ ግን በብዙ ቤት አይገቡም ነበር።

እንጀራ ከቂጣና ከዳቦ የሚለይበት አንዱ ነገር እሳት መምረጡ ነው። ሊጡ ከዳር ጀምሮ ወደ መሀል እየዞረ ይፈሳል፤ ዓይን ሲያወጣ አክንባሎ ይደፋበታል፤ በራሱ እንፋሎት ከላይ ይበስላል። ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ባለ ጊዜ ውስጥ በሰፌድ ይነሣል፤ አይገለበጥም። በመሆኑም ምጣዱ ከዳር እስከ ዳር እኩል መጋል አለበት። መሀሉ ግሎ ዳሩ ከቀዘቀዘ እንጀራው መሀሉ ያርራል፣ ዳሩ ሊጥ ይሆናል። ይህን የመሰለ ሰፊና ፈጣን ነበልባል የሚሰጡት ጭራሮ፣ ቅጠል፣ አገዳና ኩበት ናቸው። ወፍራም ፍልጥ ብቻውን እሳቱን በአንድ ሥፍራ ይሰበስበዋል፤ ከሰል ደግሞ ፍሙ እንጂ ነበልባሉ አይበቃም። ለጋጋሪዋ እሳት መቆጣጠር ማለት ጎንበስ ብሎ ያለማቋረጥ ቅጠልና ጭራሮ እየማገዱ፣ በእጅም እየነካኩ፣ ፊትን ለጢስ ሰጥቶ መቀመጥ ነው።

አሁን በሦስት ጉልቻ ላይ የተቀመጠውን ምጣድ በመሐንዲስ ዓይን የተመለከተ እንደ ሆነ ነገሩ ያስደነግጣል። ዙሪያው ክፍት ነው፤ ነፋስ በፈለገው አቅጣጫ ይገባል፤ ነበልባሉ ከምጣዱ ሥር እየሾለከ ይወጣል። ከሚነደው ማገዶ ሙቀት ለእንጀራው የሚደርሰው ከአሥር እጅ አንድ እጅ ያህል ነው፤ የቀረው ግድግዳውን፣ ጣሪያውንና የጋጋሪዋን ፊት ያሞቃል። በኢትዮጵያ በየቤቱ ከሚነደው ማገዶ ከግማሽ የሚበልጠው ለእንጀራ መጋገሪያ እንደሚውል ስለ ቤት ውስጥ ኃይል የተደረጉት ጥናቶች ይስማማሉ። ከምጣዱ በታች የሚባክነው እንግዲህ የአንድ ቤት ብክነት ብቻ ሳይሆን የአገር ደን ነው።

የነገሥታቱ ከተማ ድንኳን በነበረበት ዘመን ለማገዶ እጥረት የሚሰጠው መልስ ቀላል ነበር፤ እንጨቱ ሲያልቅ ከተማው ይነሣል። ሠራዊቱ፣ መኳንንቱና አገልጋዩ ሁሉ የሰፈረበት ምድር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ስለሚራቆት፣ ሰፈሩ ወደሚቀጥለው ደን ይዛወራል። ዐፄ ምኒልክም ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፣ ከእንጦጦም ወደ ፍልውሃው ሜዳ ሲወርዱ በዚሁ በአባቶች ልማድ ሄደዋል ማለት ይቻላል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች። ሆኖም ዐሥር ዓመት ሳይሞላ በዙሪያዋ የነበረው ጽድና ወይራ እየመነመነ፣ እንጨት የሚመጣበት መንገድ እየራቀ ሄደ። ቤተ መንግሥቱ ግብር በሚያበላበት ቀን ብቻ የሚያስፈልገው እንጀራ በሺህ የሚቆጠር እንግዳ የሚመገበው እንደ ነበር ሲታሰብ፣ ከምጣዶቹ ሥር የሚገባው ማገዶ ምን ያህል እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

በ1893 ዓ.ም. ገደማ ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቅ፣ ደን ባልራቀው ሥፍራ አዲስ መናገሻ ማሠራት ጀመሩ፤ ስሙንም አዲስ ዓለም አሉት። ሐሳቡ እስከ መጨረሻው ቢዘልቅ ኖሮ አዲስ አበባ እንደ ቀደሙት ሰፈሮች ፍርስራሿ የሚታይ ኮረብታ ሆና በቀረች ነበር። ይሁን እንጂ ነገሩ ተለወጠ። የውጭ መንግሥታት መልእክተኞች በአዲስ አበባ ብዙ ገንዘብ አውጥተው ቤት ሠርተው ስለ ነበር መነሣቱን አልወደዱትም፤ መኳንንቱም የድንጋይ ቤት መሥራት ለምደው ነበር። የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ቀረ፤ ደብሩ እስከ ዛሬ አለ። ከተማዋን በሥፍራዋ ያቆያት ግን ከዲፕሎማቶቹ ይልቅ አንድ ዛፍ ነው።

ባሕር ዛፍ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1887 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከአውስትራልያ ምድር የተገኘው ይህ ዛፍ ሲመጣ፣ የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ የነበረው ፈረንሳዊው ካሲሚር ሞንዶን ቪዳዬ ስሙ አብሮ ይነሣል። ከተሞከሩት ዓይነቶች በደጋው በተለይ የተስማማው ነጭ ባሕር ዛፍ የሚባለው ሆነ። ዛፉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለማገርና ለማገዶ ይደርሳል፤ ከብት ቅጠሉን አይበላውም፤ ቢቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ ደግሞም ይቆረጣል። ባለርስቱ ችግኙን ተከለው፤ ጥቂት ቆይቶም እርሻ ከሚሰጠው ይልቅ ባሕር ዛፍ የሚሰጠው ገንዘብ እንደሚበልጥ ተረዳ። የከተማዋ ኮረብቶች በአንድ ትውልድ ዕድሜ ሰማያዊና አረንጓዴ ለበሱ። በ1905 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ዛፉ ምንጭ ያደርቃል፣ ሌላ ተክል ያጠፋል ተብሎ አብዛኛው እንዲነቀል ትእዛዝ ወጥቶ ነበር፤ ነገር ግን ትእዛዙ በወረቀት ላይ ቀረ። ባለርስቱ የሚሸጠውን፣ ባለጎጆዋም የምታነደውን ማን ያስነቅላታል?

ስለ ባሕር ዛፍ ከሚጻፈው ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ቅጠሉ ነው። ግንዱ ለቤት መሥሪያ፣ ቅርንጫፉ ለአጥር ሲውል፣ በዘይት የተሞላው ደረቅ ቅጠል ለምጣድ ተስማሚ ሆኖ ተገኘ። ቦግ ብሎ ይነዳል፤ ነበልባሉ ሰፊ ነው፤ በምጣዱ ሥር ሁሉ ይዳረሳል። የእንጦጦ ተዳፋት የአዲስ አበባ የማገዶ ጎተራ የሆነው በግንዱ ብቻ ሳይሆን ሌላው ጠራርጎ በሚጥለው ቅጠል ጭምር ነው። ይህም መልካም አጋጣሚ ነበር፤ ዳሩ ግን ጥያቄውን አዘገየው። ማገዶ እስከ ተገኘ ድረስ ከምጣዱ ሥር ስለሚባክነው ሙቀት የሚጠይቅ አልነበረም። መንግሥት ዛፍ ተከለ፣ ነጋዴው እንጨት ሸጠ፣ ጉልቻው ግን ሦስት ድንጋይ እንደ ሆነ ቀረ።

ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ የከተማው እሳት በዝርዝር መለወጥ ጀመረ። ከአዋሽ ሸለቆ ግራር የሚከሰለው ከሰል በባቡር፣ ኋላም በጭነት መኪና እየመጣ ቡናውንና ወጡን ተረከበ፤ ከቆርቆሮ የተሠራ የከሰል ማንደጃም በየገበያው ታየ። ቀጥሎ ላምባ መጣ፤ ከላምባው ጋር ፕሪመስና ባለክር የላምባ ምድጃ መጡ። የእነዚህ ዕቃዎች ታሪክ ራሱን የቻለ ነው፤ በዚህ ሥፍራ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሁሉም የድስትን እሳት ለወጡ እንጂ የምጣድን እሳት አልነኩም። ባለብዙ መጋረጃ ሳሎንና ራዲዮ ያለው የከተማ ቤት እንኳ በጓሮው የጢስ ቤት ነበረው፤ በጢሱ ቤት ውስጥም ሦስት ጉልቻ።

የምጣድን እሳት በመጀመሪያ የለወጠው ኤሌክትሪክ ነው። የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን በ1948 ዓ.ም. ተቋቋመ። በ1952 ዓ.ም. ደግሞ ኢጣልያ በጦር ካሣ በከፈለችው ገንዘብ የተሠራው የቆቃ ግድብ ሥራ ጀመረ፤ ኃይሉም 43,200 ኪሎ ዋት ነበር። በዚያን ጊዜ የከተማው ሰው ኤሌክትሪክን የሚጠራው «መብራት» ብሎ ነው፤ እስከ ዛሬም እንደዚያው ይጠራዋል። ከቆቃ በኋላ በነበሩት ዓመታት ግን «መብራት» ወደ ማጀት ገባ።

ኤሌክትሪክ ምጣድ ከውጭ የመጣ ዕቃ አለመሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። እንጀራን የሚያክል ነገር የሚጋግር ሕዝብ በሌላ አገር ስለሌለ፣ የውጭ ፋብሪካ ሊሠራው የሚያነሣሣው ገበያ አልነበረም። ስለዚህ የአገር ውስጥ የእጅ ባለሙያዎች የሚያውቁትን የሸክላ ምጣድ ከሚያውቁት የምድጃ ሽቦ ጋር አጋቡት። ሸክላው ገና ሳይደርቅ ከሥሩ እየተጠማዘዘ የሚሄድ ቦይ ይወጣለታል፤ ከተኮሰም በኋላ እንደ ምንጭር የተጠቀለለ ሽቦ በቦዩ ውስጥ ይዘረጋና በጀሶ ወይም በጭቃ ይደፈናል። ከሥሩ ሙቀት እንዳያመልጥ ይደለደላል፤ በላሜራ ዙሪያው ይታሰራል፤ እግርና ክዳን ይደረግለታል። ክዳኑ ያው አክንባሎ ነው፤ ሸክላው ብቻ ወደ አሉሚንየም ተለውጧል። ባለሙያዎቹ ማስተማሪያ መጽሐፍ አልነበራቸውም። የሽቦውን ርዝመት በመሞከር፣ የቦዩን ጥምዝ በመሞከር፣ መሀሉ ሲያርር ዳሩን በማጠጋጋት ነገሩን ደረሱበት። ሸክላ ሙቀትን ቀስ ብሎ ስለሚያሳልፍ ምጣዱ እስኪግል ጊዜ ይፈልጋል፤ አንዴ ከጋለ በኋላ ግን ሙቀቱን ይዞ ስለሚቆይ እንጀራው በተከታታይ ይወጣል። በዚህ ምክንያት ቤተሰቡ የሦስት ቀን እንጀራ በአንድ ጊዜ የመጋገር የጥንት ልማዱን ሳይተው አዲሱን ዕቃ ተቀበለው። የሸክላ ሠሪዋም ሥራ አልቀረም፤ ለአዲሱ ምጣድም ሸክላውን የምትሠራው እርሷው ናት።

ኤሌክትሪክ ምጣድ ጢስን ከቤት አስወጣ። ቤት የሚሠሩ ሰዎችም በጓሮ ይሠራ የነበረውን የጢስ ቤት ወደ ዋናው ቤት ማስጠጋት ቻሉ። ለአገር የኃይል መሥመር ግን ከባድ እንግዳ ነበር። አንድ ምጣድ የሚወስደው ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይደርሳል። 3.6 ኪሎ ዋት ነው ተብሎ ቢታሰብ፣ የቆቃ ኃይል በሙሉ ሌላ አንድ አምፑል ሳያበራ ሊያግል የሚችለው 12,000 ምጣድ ብቻ ነው። እርግጥ ነው፣ ሁሉም በአንድ ሰዓት አይጋግርም። ቢሆንም የበዓል ዋዜማ ሲሆን በየሰፈሩ ትራንስፎርመር ላይ የሚደርሰውን ሸክም የመሥመር ሠራተኛ ሁሉ ያውቀዋል። ከከተማ ውጭ ላለውና መሥመር ላልደረሰለት ሕዝብ ደግሞ ነገሩ ወሬ ብቻ ነበር፤ በከተማም ቢሆን የምጣዱን ዋጋና የቆጣሪውን ሂሳብ የሚችለው ጥቂቱ ነው።

በ1966 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሆነ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት፣ በሐምሌም የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ሆነ፤ በአዲስ አበባ ዙሪያ የነበረው የባለርስት ባሕር ዛፍም አብሮ ተወረሰ። ከዚያ ወዲህ ዛፉ ዘበኛ ቆመለት። ወደ እንጦጦ የሚወጡት ሴቶች ግን አልቀሩም፤ መውጣታቸው ብቻ ጥፋት ሆነ። ከነዚህ ሴቶች ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ፣ ባል የሞተባቸው ወይም ቤተሰብ ብቻቸውን የሚያስተዳድሩ ነበሩ። ገና ሳይነጋ ይነሣሉ፤ ቅጠልና ጭራሮ ለቅመው ያስራሉ፤ ከ30 ኪሎ የሚበልጥ፣ አንዳንድ ጊዜ የተሸካሚዋን ክብደት የሚስተካከል ሸክም በጀርባቸው አዝለው ቁልቁል ይወርዳሉ። ቁመቱ ከተሸካሚዋ የሚበልጠው ሸክም ጎን ለጎን ስለሚታዘል መንገደኛው ሁሉ ዳር ይይዛል። ለዘበኛ የሚሰጡት ከተረፈ ለልጆቻቸው እራት የሚሆን ይገዛሉ። ከተማዋ እንጀራዋን የምትበላው በእነርሱ ጀርባ ነበር። ስለ ከተማዋ የኃይል አቅርቦት በሚዘጋጁት የዚያ ዘመን ሠንጠረዦች ውስጥ ግን ይህ ጀርባ ዓምድ አልተሰጠውም። ጉዳዩ በወግ መጠናት የጀመረው በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ ዓ.ም. ነው።

ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወዲህ የደን ነገር የሁሉም መነጋገሪያ ሆነ። አሁንም በመጀመሪያ የታሰበው ዛፍ መትከል ነው። ቢሆንም ቀስ በቀስ «ስንት ዛፍ ይተከል?» ከሚለው ጎን «ከምጣዱ ሥር ስንቱ ይባክናል?» የሚል ጥያቄ ቆመ። በመጀመሪያ የተሞከሩት ዙሪያቸው በጭቃ የተዘጋ ምድጃዎች ነበሩ። ማገዶ ይቆጥባሉ፤ ነገር ግን ጭቃው ይሰነጠቃል፤ ሠሪው ሰው በሚገባ ካልለካው ነበልባሉ ወደ አንድ ወገን ያደላል፤ ቤት የለቀቀ ሰው ይዞት ሊሄድ አይችልም። ተከራይ የሆነ ሰው በባለቤቱ ማጀት ውስጥ ገንዘቡን ምድጃ አድርጎ አይተክልም፤ ይህ ለማንም ግልጽ ሊሆን የሚገባው ነገር ወደ ንድፉ ለመግባት ብዙ ዓመት ፈጅቷል።

በ1980ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኢነርጂ ጥናትና ምርምር ማእከል በዓለም ባንክ ድጋፍ በተካሄደ ሥራ «ምርጥ» የተባለውን የምጣድ ምድጃ አወጣ። ምርጥ ምድጃ ከሲሚንቶና ፑሚስ ከሚባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በቅርጽ ማውጫ የሚቀረጽ ነው። አራቱ ክፍሎች ተጋጥመው ክብ ግድግዳ ይሆናሉ፤ የተቀሩት ሁለቱ ከኋላ ጢሱ የሚወጣበትንና ድስት የሚጣድበትን ያበጃሉ፤ በመሆኑም ከእንጀራው ያመለጠው ሙቀት ወጡን ወይም የአብሲቱን ውኃ ያሞቃል። ምጣዱ ራሱ አልተለወጠም፤ ያችው የሸክላ ሠሪዋ ምጣድ ከላይ ትቀመጣለች። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ግማሽ ያህል ይቆጥባል። በፑሚሱ ምክንያት ሙቀት ይይዛል፤ ስድስት ክፍል በመሆኑም ተፈትቶ በአህያ ይጫናል፤ ቤት የለቀቀም ይዞት ይሄዳል።

የዚህ ምድጃ ነገር ለሙያው ሰዎች ትምህርት የሚሆነው በስሌቱ አይደለም፤ ከዚያ በፊት የተሠሩትም ስሌት ነበራቸው። ምርጥ የተሳካለት በእውነተኛ ማጀት፣ በእውነተኛ ሊጥ፣ በጋጋሪዎች ፊት ስለ ተፈተነ ነው። የማገዶ መግቢያው አፍ ስፋት በዕጣን ወይም በምኞት የሚወሰን አልነበረም፤ ቅጠልና ኩበት የምታነድ ሴት እጇን ምን ያህል እንደምታስገባ ታይቶ ነው። ሁለተኛው ምክንያት፣ ምድጃው ለሕዝብ በነፃ ከመታደል ይልቅ በትንንሽ ሥራ ቤቶች ተሠርቶ እንዲሸጥ መደረጉ ነው፤ የሚሸጠው ሰው ከርሞም ስለሚፈልገው ሥራውን አያበላሽም። ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ድጋፍ ቅርጽ ማውጫው ወደ ክፍላተ ሀገር ከተሞች ወጣ፤ አቅም ለሌለው ገጠሬም ከሸክላ የሚሠራው «ጎንዚዬ» ተጨመረ። በዚያው ዘመን ገደማ የወጣችው «ላቀች» የከሰል ማንደጃ ደግሞ የኬንያን ጂኮ መሠረት አድርጋ በቆርቆሮው ውስጥ ሸክላ በማስገባት ከሰሉን ሩብ ያህል ቆጠበች፤ ከሁሉም ይልቅ በፍጥነት የተሰራጨችው እርሷ ናት፤ ርካሽ ስለ ሆነች፣ ከሰልም በገንዘብ ስለሚገዛ ቁጠባው በዚያው ሳምንት በኪስ ውስጥ ይታያል። በኤርትራም የኃይል ምርምር ማእከል ለሞጎጎው «አድሐነት» የሚባል ምድጃ አውጥቷል፤ ስሙ አዳኝ ማለት ነው። ድንበር ሲለያይ ምጣዱና ችግሩ አንድ ሆነው ቀሩ።

ምጣድ ባሕር ተሻግሮም ሄዷል። ወደ አሜሪካ የተሰደዱት ኢትዮጵያውያን የሸክላ ምጣድ በማያገኙበት ጊዜ ፈልገው የደረሱበት ዕቃ ያስገርማል። የኖርዌይ ተወላጆች ሌፍሰ የሚባለውን ስስ የድንች ቂጣቸውን የሚጋግሩበት ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነበር፤ ስፋቱ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል በመሆኑ እንጀራው ትንሽ ቢወጣም ይጋገራል። ስለዚህ በሰሜን አውሮፓ ገበሬዎች ልጆች ገና በዓል ብቻ ከመደርደሪያ የሚወርደው ዕቃ በዋሽንግተንና በሎስ አንጀለስ በየሳምንቱ የሚግል ሆነ። ቀጥሎም ኢትዮጵያውያን ራሳቸው ለእንጀራ ታስቦ የተሠራ የኤሌክትሪክ ምጣድ በዚያው አገር ማሠራትና መሸጥ ጀመሩ።

በአገር ቤት ደግሞ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ጥንታዊውን ጥያቄ በአዲስ መልክ አመጣው። ፎቅ ላይ ማገዶ አይነድም። ነዳፊዎቹ ይህን በማሰብ በየግቢው ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለዕርድና ለልብስ ማጠቢያ የሚሆን የጋራ ሕንፃ አደረጉ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ከታሰበላቸው አገልግሎት ይልቅ ለሌላ ዋሉ። ቡሆ ዕቃዋን ተሸክማ ከአራተኛ ፎቅ ወርዳ፣ ተራ ጠብቃ፣ ትኩስ እንጀራ በሰፌድ ይዛ የምትመለስ ሴት በንድፉ ላይ በቀስት ምልክት ብትታይም በደረጃው ላይ ግን ብዙ አልታየችም። ኤሌክትሪክ ምጣዱን ከጠባቡ ማእድ ቤት አስገባች፤ ያልቻለችም እንጀራዋን ከጎረቤት ሱቅ መግዛት ጀመረች። እንጀራ መግዛት በአንድ ወቅት የላጤ ምልክት ነበር፤ ዛሬ በከተማ የሚያሳፍር ነገር መሆኑ ቀርቷል፤ የመጋገሩም ሥራ በብዛት ጋግረው ወደሚሸጡ ሴቶች ተሸጋግሯል። ጢሱ ከብዙ ቤት ወጥቶ በጥቂት ቤቶች ተሰበሰበ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለ2012 ዓ.ም. ገደማ ያወጣው ግምት በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት በዓለም ላይ በዓመት 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሚሞት ያመለክታል፤ ጢሱ የተሰበሰበበትን ቤት ጣሪያና የአየር መውጫ የሚነድፍ ባለሙያ ግን እስካሁን እምብዛም አልተገኘም።

እንጦጦ በ2013 ዓ.ም. መናፈሻ ሆኖ ተከፈተ፤ ከእንጨት ተሸካሚዎቹ አንዳንዶቹ በዚያው ሥራ አገኙ። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ደግሞ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ኃይሉ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ለቆቃ በተደረገው ስሌት ሲታይ፣ ለሌላ ነገር ምንም ሳይተርፍ፣ በአንድ ጊዜ 1.4 ሚሊዮን ምጣድ ያህል ያግላል። ቁጥሩ ብዙ ነው፤ የአገሪቱ ቤተሰብ ግን ከ20 ሚሊዮን ይበልጣል። ስለዚህ የምጣዱን ሸክላ ማሳሳት፣ ከሥሩ ያለውን መከላከያ ማሻሻል፣ የሚጋገርበትን ሰዓት ማከፋፈል ግድብ ከመሥራት ያነሰ የመሐንዲስ ሥራ አይደለም። እስከዚያው ድረስ በብዙ ግቢ ኤሌክትሪክ ምጣዱ ካለበት ማእድ ቤት ጀርባ ሌላ ጠባብ ጎጆ አለች፤ መብራት በሚጠፋበት ቀን የምታገለግል የማገዶ ምጣድ ከአክንባሎዋ ጋር ግድግዳ ተደግፋ ትቆማለች፤ ሦስቱ ጉልቻዎችም ከሥፍራቸው አልተነሡም።